የእግር መንገድ ዋጋ፤ ከሄርማታ እስከ «ዋልያ»

በአገራችን የጋዜጣና የመጽሔት ታሪክ ሲነገር ወግ አለው። «ብርሃንና ሰላም» ይነሣል፣ «አዲስ ዘመን» ይነሣል፣ «መነን» ይነሣል፤ ከዚያ ስለ ሳንሱር ይወራና ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ተራራ ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ጫካ ገብቶ ያየውን የሚጽፍ ኅትመት ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ በርጩማ እንኳ አልተሰጠውም። ይህንን ለጓደኞቻችን ስናነሣ «እሱማ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ እኛ ዳገት የምንወጣው ቸግሮን እንጂ አምሮን አይደለም» ብለው ሳቁብን። ሳቁ እውነት አለበት፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን። ነገር ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። አንድን አገር መጀመሪያ በወረቀት ላይ የሚያሰፍረው በእግሩ የሄደበት ሰው ነው፤ ገዥውም፣ ነጋዴውም፣ ኋላም አገር ጎብኚው የሚመጡት ያንን ወረቀት ይዘው ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ቀላል ነው። ወደ ዱር ለሄደው ጸሐፊ ስንቁን ማን ሰነቀለት? የጻፈውንስ ማን አሳተመለት? ስለ «ነጻ» መጽሔት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚታየን ሳንሱር የሌለበት ወረቀት ነው፤ እኛ ግን ከሳንሱሩ በፊት ቦርሳውን እንይ ባዮች ነን። (ዓመቶቹን መጻሕፍቱ እንደሚሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል፤ በኢትዮጵያ ሲሆን እንናገራለን።)

ከቤታችን እንጀምር። ዛሬ ጅማ የምንላት ከተማ የተተከለችው በሄርማታ ገበያ ላይ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ፣ ኮረብታው ላይ ነበር፤ ገበያው ደግሞ ከታች ሜዳው ላይ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይቆም ነበር። የከፋው ቡና፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ እንዲሁም (መደበቅ አይገባም) ሰው ራሱ ይሸጥበት ነበር። የዚህ ንግድ መንገደኞች አፍቃላና ጀበርቲ ነጋዴዎች ነበሩ። ከዚህ ተነሥተው፣ ኬላ በኬላ እየቀረጡ፣ ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ባሶ ገበያ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ጎንደር፤ ከዚያም እስከ ምጽዋ። ውኃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደማይሻገሩት፣ የትኛው ባላባት እጅ መንሻ እንደሚወድ ያውቁ ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር የመጀመሪያዎቹ የጉዞ አዋቂዎች እነዚህ ናቸው። ዕውቀታቸው ግን የንግድ ምሥጢር ስለነበር ከአባት ለልጅ ይነገር እንደሆነ እንጂ አይጻፍም። የጻፈው ሌላ ነው።

ከጻፉት መካከል ቀደም ያለው አንቷን ዳባዲ ነው። ደብሊን የተወለደ ፈረንሳዊ፣ ከሀብታም ቤተሰብ የመጣ፣ በራሱ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ነበር። በ1843 እናርያ ገብቶ ሰቃ ገበያ ላይ ሰነበተ፤ በአባ ባጊቦ አገር ተቀመጠ፤ ከዚያም ለንጉሡ ከከፋ ሙሽራ ለማምጣት ከሄደው ሰርገኛ ጋር ተቀላቅሎ ከፋን አየ። የልኬት ሥራውን አጠናቆ ለማሳተም እስከ 1873 ድረስ ፈጀበት፤ ማንም «ቶሎ በል» የሚለው አልነበረምና። ያልደረሰበትን አገር የጻፈው ደግሞ ከእነዚያው ነጋዴዎች አፍ እየሰማ ነው። የራሱን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከማንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ ይህ አንድ ዓይነት ነጻነት ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ርስት የወረሰ ሰው ብቻ የሚችለው ነጻነት ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል፤ ጌራ የተፈጸመ ነውና። በ1876 የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር በማርኪዝ ኦራጽዮ አንቲኖሪ መሪነት አንድ ጓድ ወደ ሸዋ ላከ። ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጧቸው። ከዚያ አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1878 ወደ ደቡብ ምዕራብ ተነሡ። ዓላማቸው በወረቀት ላይ ሳይንስ ነበር፤ ተራራ መለካት፣ ወንዝ መከተል፣ ቋንቋ መመዝገብ። ጌራ ሲደርሱ ግን አገሪቱን ትገዛ የነበረችው ንግሥት፣ ገኔ የሚሏት፣ ያዘቻቸው። ኪያሪኒ በጥቅምት 1879 እዚያው ሞተ። ቼኪ የተፈታው በ1880፣ የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል ገብተውበት ነው። ከአገሩ ተመልሶ ከ1885 እስከ 1887 ድረስ «ከዘይላ እስከ ከፋ ድንበር» የሚለውን መጽሐፍ በሦስት ቅጽ አሳተመ።

መጽሐፉ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ስለ ጊቤ መንግሥታት የሚያጠና ሰው እስከ ዛሬ ቼኪን ሳይጠቅስ አያልፍም። አውሮፓውያኑ አንባቢዎች ግን የወደዱት ሌላውን ነው፤ ምርኮውን፣ ረኀቡን፣ የጓደኛውን ሞት፣ «ጨካኟን» ንግሥት። እስቲ እኛ ከንግሥቲቱ ወገን ሆነን እናስበው። ነጋዴ ያልሆኑ፣ ቡናም ዝባድም የማይገዙ ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። ኮረብታ ላይ ወጥተው በመሣሪያ ያያሉ፤ መንገዱን ይጽፋሉ፤ ወታደሩ ስንት ነው፣ መሻገሪያው የት ነው ብለው ይጠይቃሉ። ማን ላካችሁ ቢሏቸው «ማኅበር» ይላሉ። ማኅበሩንስ ማን ላከው? ይህን ጥያቄ ገኔ በዚያን ጊዜ ጠይቃ ከሆነ፣ ከሮም አንባቢዎች ሁሉ ይልቅ ነገሩ የገባት እሷ ናት። ቼኪ ራሱ ኋላ የኢጣልያ ቆንስል ሆኖ፣ በሶማሌ የባሕር ዳርቻ የኢጣልያን ግዛት ለማስፋት ሲሠራ በኅዳር 1896 ከሞቃዲሾ አጠገብ ላፎሌ ላይ ተገደለ። ከጌራ ምርኮ አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ከሃያ ዓመት ሳይቆይ የኢጣልያ ጦር እዚሁ ደርሶ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ሄርማታ ሜዳ ላይ የተዘረጋው የከተማው መንገድና የድንጋይ ቤቱ አብዛኛው የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

ቼኪ ሰላይ ነበር ማለታችን አይደለም፤ ያን ያህል ቀላል ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። ቼኪ ደፋር መንገደኛና ጥንቁቅ ጸሐፊ ነበር። ነገሩ ግን ይህ ነው፤ ጽሑፉ የሚወጣበት ማኅበር ገንዘቡን የሚያገኘው ነገ ያንን መንገድ ከሚፈልጉት ሰዎች ነበር። ጸሐፊው ስለ ቢራቢሮ ቢጽፍም ከፋዩ የሚያነበው ስለ መሻገሪያው ነው።

በ1926 ደግሞ ሌላ ዓይነት ከፋይ መጣ። የቺካጎ ከተማ ጋዜጣ «ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ» ከፊልድ ሙዚየም ጋር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ጓድ ላከ። የጋዜጣው ዓላማ ግልጽ ነው፤ የጀብዱ ወሬ ጋዜጣ ይሸጣል። የሙዚየሙም እንዲሁ፤ ቆዳና አጽም ይፈልጋል። ከሁለቱ መካከል ግን ሉዊ አጋሲ ፉርቴስ የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ የአገራችንን ወፎችና አራዊት በውኃ ቀለም ሣለ። አገሩ እንደተመለሰ በነሐሴ 1927 መኪናው ከባቡር ተጋጭቶ ሞተ፤ ሥዕሎቹ በመኪናው ውስጥ ነበሩ፣ አንዱም አልተበላሸም። በ1930 በአልበም ታተሙ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የጋዜጣ ጀብዱ ማንም የሚያስታውሰው የለም፤ ሥዕሎቹ ግን አሉ። የጀብዱ ወሬ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው፤ ባደረ ቁጥር ይደርቃል።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ለነጻ ኅትመት የሚቀርብ አንድ ሥራ እናገኛለን። ሲልቪያ ፓንክኸርስት በፋሺስት ወረራ ዘመን ለንደን ላይ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ከ1936 ጀምሮ ሃያ ዓመት አዘጋጅታ፣ በ1956 ሰባ አራት ዓመቷ እያለ አዲስ አበባ ገባች። በዚያው ዓመት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የሚባል መጽሔት ጀመረች። እያንዳንዱ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ወይም ለአንድ የአገር ክፍል የሚሰጥ ነበር፤ አሮጊቷ ራሷ እየተጓዘች ትጽፍ ነበር። በ1960 ከሞተች በኋላ ልጇ ሪቻርድና ሚስቱ ሪታ እስከ 1974 ድረስ ቀጠሉበት። ነጻ ነበር? በገንዘብ ረገድ የማንም መሥሪያ ቤት አልነበረም። በብዕር ረገድ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ የነበራት ፍቅር በየገጹ ላይ ይታያል፤ ስለ ሆስፒታሉና ስለ ትምህርት ቤቱ እንጂ ስለ ጭሰኛው ብዙ አታገኙበትም። ቦርሳው ነጻ ሆኖ ብዕሩ የተሳሰረበት ምሳሌ ይኸውና። ፍርሃት አልነበረም፤ ሙሶሊኒን ያልፈራች ሴት ማንንም አትፈራም። ወዳጅነት ነው ያሰራት፤ ወዳጅነት ደግሞ ከሳንሱር ይልቅ ለመፍታት ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። በ1963 ዩኔስኮ ጁሊያን ሃክስሊ ያለበትን የባለሙያዎች ጓድ ልኮ የአገሪቱን የዱር እንስሳት ሁኔታ አስጠና። ከዚያ በኋላ የመንግሥት የዱር እንስሳት ጥበቃ ተቋቋመ፤ አዋሽና ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሆነው በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። በዚህ መካከል፣ በ1966 (በእኛ 1959 መጀመሪያ)፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች ተሰባስበው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን መሠረቱ። መንግሥት ያቋቋመው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የንግድ ድርጅትም አይደለም። አባል ሆኖ መዋጮ የከፈለ ሁሉ ባለቤት ነው። አብረው ይወጣሉ፤ ወፍ ያያሉ፤ ዛፍ ይለያሉ፤ ተመልሰው ይነጋገራሉ። ከዚህ መውጣትና መነጋገር በ1969 «ዋልያ» የተባለው መጽሔታቸው ወጣ። ኋላም ለወጣቶች «አጋዘን» የተባለ ሌላ ኅትመት ተከተለ።

ስሙን ልብ በሉት። ዋልያ በዓለም ላይ ሰሜን ተራሮች ብቻ የሚገኝ፣ በዚያን ጊዜ ቁጥሩ በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚገመት፣ ከአገሬው ሰው በቀር ብዙ ኢትዮጵያዊ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ እንስሳ ነው። አብዛኛው አንባቢ ያላየውን ነገር ስሙ አድርጎ የሚወጣ መጽሔት፣ ገና ከሽፋኑ «ሂድና እይ» ይላል። ውስጡ ግን የቼኪ ዓይነት ጀብዱ አልነበረም። የጻፉት በአብዛኛው በትርፍ ጊዜያቸው የሚወጡ ሰዎች ናቸው፤ ያዩትን ወፍ ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው ይመዘግባሉ። እንደ ዘገባ ደረቅ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። አንድ ነገር ግን አለው፤ ደራሲው ጀግና አይደለም። ጀግናው ወፉ ነው፣ ወይም ሐይቁ። ይህ በጉዞ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር አይደለም።

ድሃ መጽሔት ነበር። እንደ ወር ጠባቂ መጽሔት በቀጠሮ የሚወጣ አልነበረም፤ ጽሑፍና ገንዘብ ሲሞላ ይወጣል፣ ካልሞላ ይቆያል። ለማስታወቂያ ሲል ገጽ የሚሞላበት ምክንያት ስላልነበረው መዘግየቱን እንደ ጤና ምልክት እንቆጥረዋለን፤ የሚለው ሳይኖረው ባለመናገሩ። ከ1974 በኋላ ብዙ ማኅበር ፈርሶ፣ ብዙ መጽሔት ተዘግቶ ሳለ ይህ ማኅበር አልፈረሰም። ስለ ወፍ የሚጽፍን ሰው ማን ይጠረጥረዋል ትሉ ይሆናል። ምናልባት። ግን በዚያ ዘመን መንገድ ላይ መነጽር አንግቶ መሄድ ራሱ ቀላል ነገር እንዳልነበረ ታላላቆቻችን ይነግሩናል።

ችግሩ ቋንቋው ነበር። «ዋልያ» የተጻፈው በዋነኛነት በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የደባርቅ ገበሬ፣ ስለ ገዛ ገደሉ የተጻፈውን ማንበብ አይችልም፤ አንድ የጌራ ቡና ለቃሚም እንዲሁ። ማኅበሩ ለዓለም ሳይንስ መናገር ፈለገ፤ ተናገረም። ግን ለማን ሲሉ ጻፉት የሚለው ጥያቄያችን እዚህ ላይ ግማሽ መልስ ብቻ ያገኛል።

ከባሕር ማዶ ያለውን ጓዳቸውንም እንይ፤ ሰው የሚለካው ከእኩያው ጋር ነውና። በዚያው በ1966 በአሜሪካ በበረዶ ላይ ለሚንሸራተቱ ሰዎች «ስኪየርስ ጋዜት» የሚባል ወረቀት ተጀመረ። በ1972 ስሙ «ማውንቴን ጋዜት» ሆነ፤ ማይክ ሙር የሚባል አዘጋጅ ይዞት፣ እንደ ኤድዋርድ አቢ ያሉ የበረሃና የተራራ ጸሐፊዎችን ያለ ገደብ ያጽፍ ጀመር። የዕቃ ማስታወቂያ መለጠፊያ መሆን አልፈለገም። ዋጋውን ከፈለ፤ በ1979 ተዘጋ። በ2000 ሌሎች አነሡት፤ በ2012 እንደገና ተዘጋ። በ2020 ማይክ ሮጌ የሚባል ሰው ገዝቶ ለሁለተኛ ጊዜ አስነሣው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በትልቅ ወረቀት፣ በአንባቢ ክፍያ ላይ ተደግፎ። በዚያው ሰሞን ደግሞ «አውትሳይድ» የተባለው ትልቅ ኩባንያ ብዙ የተራራና የብስክሌት መጽሔቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ገዛ፤ በ2022 ሠራተኛ ቀንሶ አብዛኞቹን የወረቀት ኅትመቶች አቆመ። እንግዲህ በሀብታሙም አገር ቢሆን የዱር መጽሔት የሚሞተው በድህነት ብቻ አይደለም፤ በሀብትም ይሞታል። ድሃው ሦስት ጊዜ ሞቶ ሦስት ጊዜ ተነሣ ማለት ባይቻልም፣ ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ መነሣቱ ግን የታወቀ ነው።

አሁን ጓደኞቻችን ወደ ሳቁበት ነገር እንመለስ። «እኛ ዳገት የምንወጣው ቸግሮን ነው» አሉ። የፓርኮቹ ታሪክ ይህን ቃል ያከብደዋል። አዋሽ ፓርክ ሲከለል ከረዩና አፋር የግጦሽ መሬታቸውንና ወደ ወንዙ መውረጃቸውን አጡ። ሰሜን ተራሮች በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በዚያው ሰሞን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች ሰዎች በኃይል ተነሡ። በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተመዘገበ፤ በ2016 የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። ይህን ቅደም ተከተል ዝም ብላችሁ አንብቡት። የዋልያው ቁጥር ሲነገር የሰዎቹ ቁጥር በሌላ ወረቀት ላይ ነው፣ ከናካቴው ከተጻፈ። የዚያ ዘመን የጥበቃ ጽሑፍ፣ አገር ውስጥ ያለውም የውጭውም፣ ገበሬውን ብዙ ጊዜ የሚያየው እንደ ጠላት ነው፤ ዛፍ ቆራጭ፣ ገደል አራሽ፣ አዳኝ። ገበሬውም በበኩሉ መጽሔት የለውም።

እኛ ማኅበሩን በዚህ አንከስም። እንዲያውም ከማንም ቀድሞ በአገር ውስጥ ሰዎች መዋጮ ስለ ዱር የጻፈ እሱ ነው፤ ወቃሽ መሆን ከፈለግን መጀመሪያ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተን መገኘት አለብን። ግን «ነጻ» የሚለው ቃል ከመንግሥትና ከነጋዴ መላቀቅ ብቻ ሆኖ ከቀረ ጎደሎ ነው እንላለን። ጸሐፊው ከገዛ ዓይኑም መላቀቅ አለበት፤ ተራራውን ባዶ አድርጎ ከሚያይ ዓይን። በሰሜን ተራሮች መንገድ የሚመራው፣ በቅሎ የሚጭነው፣ ዋልያው በየትኛው ሰዓት ወደ ውኃ እንደሚወርድ የሚያውቀው ሰው ስሙ በጽሑፉ መጨረሻ «አስጎብኚያችን» ተብሎ ከታለፈ፣ ከቼኪ ዘመን አልወጣንም። አፍቃላዎቹም እንዲሁ ነበር የታለፉት።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ማኅበሩም ተለወጠ። የወፎች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ኅብረት፣ በርድላይፍ የሚባለው፣ የኢትዮጵያ አጋር ሆነ፤ ከውጭ በሚገኝ ገንዘብ የሚካሄዱ ሥራዎች በዙ፤ በየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበቦች ተቋቋሙ። በ1996 ታላቅ ሥራ ወጣ፤ በሰሎሞን ጥላሁን፣ በሱ ኤድዋርድስና በተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አዘጋጅነት፣ ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ 69 የኢትዮጵያ ቦታዎችን የሚዘረዝር መጽሐፍ። በ2011 ደግሞ «ዋልያ» ስለ ባሌ ተራሮች ልዩ እትም አወጣ። ሥራው ጨምሯል፤ ይህ ሐቅ ነው። ሆኖም የመዋጮ ገንዘብና የፕሮጀክት ገንዘብ አንድ አይደሉም። ፕሮጀክት ሪፖርት ይፈልጋል፤ ሪፖርት ደግሞ የሚነበበው በአንድ ሰው ነው፣ በከፋዩ። መጽሔት ግን ባላወቃቸው ሰዎች እጅ ይገባል፤ ይጠየቃል፤ ይሰደባል፤ ይተረተራል። ለዚህ ነው ከሪፖርት ይልቅ መጽሔት የሚናፍቀን።

በ1985 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ሲወጣ በመቶ የሚቆጠሩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ብቅ አሉ። ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ እግር ኳስ። ዱሩ ግን ለአየር መንገዱ መጽሔትና ለአስጎብኚ ድርጅቶች በራሪ ወረቀት ቀረ። እነሱ ደግሞ ወንበርና አልጋ የሚሸጡ ስለሆነ ዝናብ አይዘንብባቸውም፤ ሁሉ ነገር ወርቃማ ጀንበር ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይስቃል።

በዚያ በ1996 በታተመው ዝርዝር ውስጥ ሁለት የእኛ ቦታዎች አሉ። አንዱ የጢሮ ቦተር በቾ ጫካ ነው። ሁለተኛው ግን ከግቢያችን ብዙ የማይርቅ፣ በጅማ ዳር ያለው የቆፌ ረግረግ ነው። ምን ያህሎቻችን ይህን እናውቃለን? ቆፌን የምናውቀው በትንኙ ነው፣ በጡብ ጭሱ፣ ወይም እንዲያው «ጭቃው» በሚል ስም። የጅማ ረግረጎች፣ ቆፌም ቦዬም ኪቶም፣ እየደረቁ ነው፤ ባሕር ዛፍ ይተከልባቸዋል፣ በቆሎ ይዘራባቸዋል፣ ሸክላው እየተቆፈረ ጡብ ይሆናል። ጡቡ ደግሞ ቤት ይሆናል፤ ከምንከራያቸው ክፍሎች የስንቱ ግድግዳ ከዚያ እንደመጣ ማን ያውቃል። ስለ ቆፌ የሚጽፍ ሰው ወፉን ብቻ ቢቆጥር ጡብ ሠሪውን ይበድላል፤ ጡብ ሠሪውን ብቻ ቢያነጋግር ወፉ የሚናገርለት ያጣል። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ ማኖር ከባድ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው ሪፖርቱም በራሪ ወረቀቱም የማይሞክሩት።

ጌራም እንዲሁ አለች። ገኔ ቼኪን ያሰረችበት አገር ዛሬ ከበለጣ ጋር ተያይዞ በለጣ ጌራ ተብሎ የሚታወቅ የቡና ጫካ ነው። ከ2003 ጀምሮ ጃይካ የተባለው የጃፓን የትብብር ድርጅት ከክልሉ መንግሥት ጋር ሆኖ በዚያ የአሳታፊ ደን አስተዳደር ሥራ ሠርቷል፤ ገበሬዎቹ ወልዳ ቡልቺንሳ ቦሶና፣ በአጭሩ ዋቡብ፣ በሚባሉ ማኅበሮች ተደራጅተው ጫካውን ይጠብቃሉ፣ ቡናውን ይለቅማሉ። በ2007 የጫካ ቡናቸው የሬንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ አገኘ። ቡናው ስሙንና ታሪኩን ይዞ ባሕር ማዶ ይሸጣል። የቡናው ታሪክ በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ከሻጩ ወገን። ዛፉ ላይ የሚወጣው፣ ጉሬዛው ከመቼ ጀምሮ እንደቀነሰ ወይም እንደጨመረ በዓይኑ የሚያውቀው፣ የድንበሩን ዋንዛና ቀረሮ በስም የሚጠራው ሰው ግን እስካሁን በራሱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ገጽ አልተሰጠውም። እሱ ተራራ የሚወጣው አምሮት ሳይሆን ለምርቱ ነው። እንግዲህ ጓደኞቻችን የሳቁበት «ቸግሮን» የሚለው ቃል፣ ለእኛ ከመጽሔቱ የሚያስወጣ ሳይሆን ወደ መጽሔቱ የሚያስገባ ቃል ነው። ቸግሮት የሚወጣ ሰው መንገዱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የዚህ ወረቀት ቀለምና ወረቀት ወጪ የሚሸፈነው ከኪሳችን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ከሚመጣው ቁጥር ጀምሮ ሁለት ገጽ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ለይተናል። ደንቡ ብዙ አይደለም፤ ያልሄድንበትን አንጽፍም፣ መንገድ ያሳየንን ሰው ፈቃዱን ጠይቀን በስሙ እንጠራለን፣ ጽሑፉን ከማሳተማችን በፊት ለእሱ እናነብለታለን፣ «ውሸት ነው» ያለውን እንደገና ሄደን እናያለን። ለጉዞ የሚሆን ገንዘብ ከማንም ድርጅት አንቀበልም፤ ለሩቁ መንገድ የሚበቃ ስለሌለን በእግር ከሚደረስበት እንጀምራለን።

የመጀመሪያው መውጫ ቆፌ ነው፤ ቅዳሜ ጧት ከዋናው በር ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ወፍ የሚለይ ካለ ይምጣ፤ ኦሮምኛ አጥርቶ የሚናገርም ያስፈልገናል። ቦቲ ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው በባዶ እግሩም ይገባል፣ ጡብ ሠሪዎቹም የሚገቡት እንዲያው ነው።